አረፋው ከየት መጣ?

እኛ ቤት ክትፎ ወይም ዶሮ ወጥ ከቀረበ አምቦ ውኃ ከጎኑ አይጠፋም። አንድ ቀን ታላቂቱ ልጄ ጠርሙሱን እየከፈተች «ጋዙን ግን ማን ጨመረበት?» ብላ ጠየቀች። አባቷ «ፋብሪካው ነዋ» አላት። እናቴ ደግሞ «ፋብሪካው ሳይተከልም ይፈላ ነበር፤ እግዜር ነው የጨመረበት» ብላ ተቆጣች። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የውኃ ኬሚስት መሆን በቤተሰብ ውስጥ ሳይሾሙ ዳኛ መሆን ነው።

ለእናቴ ፈረድኩ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ያለው የአምቦ ምድር ጠርሙስና ቆርኪ ከመምጣታቸው በፊትም ጋዝ ያዘለ ውኃ ያፈልቅ ነበር። ጋዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ እኛ የምንተነፍሰው፣ የጠጅ ጋንም የሚያወጣው። ልጄ ግን በዚህ አልረካችም። «እሺ፣ ከየት እንደመጣ በምን አወቃችሁ? ጋዝ ላይ ስም አይጻፍ!» አለች።

ይጻፋል። የእንጀራዬ ግማሹ ያንን ጽሑፍ ማንበብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዝናብ ውኃ ከሰማይ ሲወርድ ያዘለው ካርቦን ጥቂት ነው። አፈር ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ዓለም ይገጥመዋል። ሥሮች ይተነፍሳሉ፣ ቅጠላ ቅጠል ይበሰብሳል፤ በአፈር ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው አየር ከላይ ካለው አየር ይልቅ ብዙ እጥፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። ውኃው ያንን ጠጥቶ ትንሽ ይኮመጥጣል፤ በኮምጣጣነቱም ድንጋዩን እያሟሟ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ጋዙ ባይካርቦኔት ወደሚባል መልክ ይለወጣል። ባይካርቦኔት ከሱቅ ገዝተን ዳቦና ኬክ ውስጥ የምንጨምረው ሶዳ ዘመድ ነው። መንገዱ ላይ የኖራ ድንጋይ ካጋጠመው ከእርሱም ካርቦን ይወስዳል። የእሳተ ገሞራ አገር ከሆነ ደግሞ ሦስተኛ ሰጪ አለ፤ ከምድር ጥልቅ በስንጥቆች ሾልኮ የሚወጣ ጋዝ። ብርጭቆ ውስጥ ሲታይ ሦስቱም አንድ ናቸው። ጣዕማቸውም ቀለማቸውም አይለያይም።

የሚለያዩት በክብደት ነው። ከ100 የካርቦን አቶሞች 99 ያህሉ ካርቦን-12 ናቸው። አንዱ ያህል ካርቦን-13 ነው፤ ባሕርዩ አንድ ሆኖ በጥቂቱ ይከብዳል። ካርቦን-14 ደግሞ ከሺህ ቢሊዮን አንድ ያህል ብቻ ነው፤ እርሱም እያደር ይሞታል። ወደ እርሱ እመለሳለሁ። ዕፅዋት ምግባቸውን ሲሠሩ ቀላሉን ካርቦን ይመርጣሉ፤ ልጅ ከወጥ ውስጥ ድንቹን ትቶ ሥጋውን እንደሚለቅም። በዚህም ሁሉም እኩል አይደሉም። ስንዴ፣ ገብስ፣ ቡና፣ እንሰት፣ ባሕር ዛፍ በጣም መራጮች ናቸው። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ሸንኮራ ግን ካርቦን የሚይዙበት መንገድ ሌላ ስለሆነ ብዙም አይመርጡም። እንጀራችን ከዳቦ ይልቅ በካርቦን-13 የከበደ ነው ብዬ ስነግራት እናቴ «መች ጠፋኝ!» አለችኝ።

ልዩነቱ የሚለካው ከ1,000 ስንት እጅ እንደጎደለ ወይም እንደበለጠ ተቆጥሮ ነው። መነሻው፣ ማለትም ዜሮው፣ በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ፒ ዲ ከሚባል ቦታ የተገኘ ቤለምናይት የሚሉት የጥንት የባሕር እንስሳ ቅሪት ነው። በዚያ ሚዛን የባሕር ኖራ ድንጋይ ዜሮ አካባቢ ያርፋል። የስንዴና የዛፍ ወገን ከዜሮ በታች 27 ገደማ፣ የጤፍና የበቆሎ ወገን ከዜሮ በታች 13 ገደማ ነው። ከጥልቁ ምድር የሚወጣው ጋዝ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዜሮ በታች 4 እና 8 መካከል ይገኛል። ይህን ካርታ ለመሳል መሠረት ከጣሉት አንዱ አሜሪካዊው ሃርመን ክሬግ ነበር፤ የካርቦን አይሶቶፖችን ሥርጭት በተመለከተ ያሳተመው ጽሑፍ የ1953 እ.ኤ.አ. ነው። ይኸው ሰው በ1970ዎቹ ወደ እኛ ስምጥ ሸለቆ መጥቶ የፍል ውኃዎቻችንን አጥንቷል። የኢትዮጵያ ፍል ውኃ በሳይንስ መዝገብ ውስጥ ስሙ የቆየ ነው ስል ልጆቼ አያምኑኝም።

ናሙና አወሳሰዱ የእኔ ተወዳጅ ሥራ ነው፤ የባልደረቦቼ ግን አይደለም። ጋዝ ያለው ውኃ ልክ እንደ ወተት ነው፤ ዓይንህን ከነቀልህበት ይገነፍላል። ጠርሙሱ ከሥር ጀምሮ በቀስታ ይሞላል፣ እስኪተርፍ ይፈሳል፣ አንድ የአየር ፊኛ እንኳ ሳይቀር ይከደናል። አየር ከገባ ውኃው ይተነፍሳል፤ ባይካርቦኔት ከበዛበት ውኃ ሲተነፍስ ቀላሉ ካርቦን ቀድሞ ይሄድና የቀረው ከእውነቱ በላይ ከባድ ሆኖ ይለካል። ውስጡ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳትም ሥራቸውን እንዳይቀጥሉ ውኃው ይጣራል፤ መርዝም ጠብ ይደረግበታል። ለዚህ ነው የናሙና ሣጥኔን ቤት ይዤ የማልገባው። ከዚያ ላብራቶሪ ውስጥ አሲድ ይጨመርበትና የሚወጣው ጋዝ አቶሞችን በክብደታቸው ወደሚለይ መሣሪያ ይላካል። ለካርቦን-14 ሲሆን ናሙናዎቻችን ባሕር ተሻግረው ይሄዳሉ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ወራት ያልፋሉ፤ ሒሳቡም የሚከፈለው በዶላር ነው።

ይህ ሁሉ ለዘመዶቼ የማዕድ ወሬ ብቻ ነበር፤ አጎቴ ከመቂ በኩል እስኪደውሉልኝ ድረስ።

አጎቴ ከ18 አባወራዎች ጋር ሆነው በማኅበር ያስቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓድ አላቸው። ሽንኩርትና ቲማቲም ያለሙበታል፤ ሠፈሩም ይጠጣዋል። ፓምፑ ሲነሳ ውኃው እንደ ሶዳ ነጭ ሆኖ ይወጣና ባልዲ ውስጥ ትንሽ ሲቆይ ይጠራል። ናሙና የወሰደላቸው አንድ ድርጅት ውጤቱን በወረቀት ሰጥቷቸው ሄዷል። «አንቺ ልጅ፣» አሉኝ፣ «ውኃው 17 ሺህ ዓመቱ ነው ይላል። ከንግሥተ ሳባ ይበልጣል እኮ!» ሳቅን። እርሳቸው ግን ቶሎ አቆሙ። ማኅበሩ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ግማሹ «ጥንት የተጠራቀመ ከሆነ የሚተካው የለም፤ ፓምፑን እናሳርፈው» ይላል። ሌላው ግማሽ ደግሞ «የማይተካ ከሆነማ ጎረቤት ሳይጨርሰው ቶሎ ቶሎ እናውጣው» ብሎ ሁለተኛ ፓምፕ ሊገዛ ብር እያዋጣ ነው። የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ ያልቃል ሲሉት ይሻማል።

ወረቀቱን ፎቶ አንስተው ላኩልኝ። በውኃው ውስጥ የቀረው ካርቦን-14 አዲስ ቢሆን ከሚጠበቀው 12.5 በመቶ ብቻ ነው። ካርቦን-14 በ5,730 ዓመት ግማሹ ይጠፋል። በሌላ 5,730 ዓመት የቀረው ግማሽ፣ እንዲህ እያለ ሦስት ጊዜ ሲገመስ አንድ ስምንተኛ ይቀራል፤ 17,190 ዓመት መሆኑ ነው። ስሌቱ ትክክል ነው። ዘዴውም የታወቀ ነው፤ የካርቦን-14 ዕድሜ አቆጣጠር ዊላርድ ሊቢን በ1960 እ.ኤ.አ. ለኖቤል ሽልማት አብቅቶታል፤ ለከርሰ ምድር ውኃ ማዋሉን ደግሞ ጀርመናዊው ሙኒክ በ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮታል።

ችግሩ ሰዓቱ የሚቆጥረው የካርቦኑን ዕድሜ እንጂ የውኃውን አለመሆኑ ላይ ነው። ከጥልቅ ምድር የሚወጣ ጋዝ ካርቦን-14 የለውም፤ ኖሮት ቢሆን እንኳ ከስንት ዘመን በፊት አልቋል። እኛ «የሞተ ካርቦን» እንለዋለን። ትናንት የዘነበ ውኃ ግማሽ ካርቦኑን ከዚህ ቢወስድ በወረቀት ላይ 5,730 ዓመት ያረጃል። ሦስት አራተኛውን ቢወስድ 11,460 ዓመት። ከስምንት ሰባቱን ቢወስድ የአጎቴ ጉድጓድ ይሆናል። ቡናዋ ላይ ሰባት ስኒ ውኃ እንደጨመሩባት ጀበና ማለት ነው፤ ቀጥናለች እንጂ የትናንት ቡና አይደለችም።

እንግዲህ ካርቦን-13ን መጠየቅ ነው። ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ ነበር፤ ከዜሮ በታች 4.1። «ጥልቁን ጋዝ ይመስላል» ብዬ ልደውል ስል እጄን ሰበሰብኩ። በአጎቴ አገር በቆሎና ሣር ይበዛል። ጋዝ ከአፈር ወደ ውኃ ገብቶ ባይካርቦኔት ሲሆን ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ በተለመደው የሙቀት መጠን እስከ 8 ድረስ። ስለዚህ የበቆሎ ማሳ ሥር የሰረገ ንጹሕ የዝናብ ውኃም ሳይዋሽ ከዚያው ቁጥር አጠገብ ሊያርፍ ይችላል። በስንዴና በጥድ አገር ይህ አሻሚነት አይገጥምም፤ እዚያ አፈሩና ጥልቁ ተራርቀው ይታያሉ። በጤፍ፣ በበቆሎና በማሽላ አገር ግን አንድ ምስክር አይበቃም። ከአውሮፓ መማሪያ መጻሕፍት ቀድተን የምናሰላ ሰዎች ይህን ብናስብበት ደግ ነው።

ሁለተኛው ምስክር መጠኑ ነበር። በአጎቴ ውኃ ውስጥ በአንድ ሊትር ከ1,100 ሚሊግራም በላይ ባይካርቦኔት አለ። የአፈር እስትንፋስ ብቻውን ይህን ያህል አይሰጥም፤ ውኃን እንደ ሶዳ አያስፈላም። በአካባቢው ሥር የኖራ ድንጋይ ሳይሆን የእሳተ ገሞራ ድንጋይና የሐይቅ ደለል ነው ያለው። ሦስተኛ ምስክር እንዲሆን ለትሪቲየም ናሙና ልከን ነበር፤ ይህ የሃይድሮጅን ዘመድ ነው፤ የውኃው የራሱ አካል እንጂ የካርቦኑ ጭነት አይደለም፤ በ12 ዓመት ከጥቂት ወር ግማሹ ይጠፋል። ጥቂት ተገኘ። ጥቂትም ቢሆን ተገኘ ማለት ከውኃው ቢያንስ የተወሰነው እኔና እናንተ በሕይወት ባለንበት ዘመን ወይም ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ የዘነበ ነው።

ለአጎቴ ደወልኩ። «ጋሼ፣ 17 ሺህ የሚባለውን እርሱት።»

«ታዲያ ስንት ነው?»

«ድብልቅ ነው። አሮጌም ይኖርበታል፤ አዲስ ዝናብም ይገባበታል።»

«አይ እንግዲህ! ያልቃል ወይስ አያልቅም?»

ካርቦን ይህን አይመልስም። ይህን የሚመልሰው ገመድ ነው። የውኃውን ጥልቀት ፓምፑ ካረፈ በኋላ፣ በየወሩ በተመሳሳይ ቀን ለክተው ደብተር ላይ እንዲጽፉ ነገርኳቸው። ከክረምት በኋላ ከፍ ካለ እየተካ ነው፤ ዓመት ከዓመት ዝቅ ካለ እየበላችሁት ነው አልኩ። የሁለተኛው ፓምፕ መዋጮ ደብተሩ አንድ ዓመት እስኪሞላው ቆመ። ተኳርፈው የነበሩት ሁለት ወገኖች አሁን ገመዱን ማን ይያዝ በሚለው ይከራከራሉ፤ እሱ ይሻላል።

የጋዝ ምንጭ ማወቅ ለዕድሜ ሒሳብ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። በነሐሴ 1986 እ.ኤ.አ. በካሜሩን ኒዮስ ሐይቅ ሥር የተጠራቀመ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአንድ ሌሊት ፈንቅሎ ወጥቶ 1,700 ያህል ሰዎችን በተኙበት ገደለ። ጋዙ ከእሳተ ገሞራ ሥርዓት የሚመጣ መሆኑን ካመለከቱት ማስረጃዎች መካከል እነዚሁ የካርቦን ቁጥሮች ነበሩ። ምንጩ ከሥር ከሆነ ደግሞ አንዴ ወጥቶ አያበቃም፤ ተመልሶ ይጠራቀማል። ስለዚህ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐይቁ ውስጥ ረጅም ቧንቧ ተተክሎ ጋዙ በየጊዜው ቀስ እያለ እንዲወጣ ተደርጓል። የአጎቴ ጉድጓድ እንዲህ ያለ ነገር አያመጣም። ሆኖም ጋዙ ከአየር ይከብዳልና የፓምፑን ጉድጓድ ለመጠገን ማንም ብቻውን እንዳይወርድ አስምዬአቸዋለሁ።

ወረቀቱን ሳነብ እኔን ያስደነገጠኝ ግን ዕድሜው አልነበረም።

ከጥልቅ የሚመጣው ጋዝ ውኃውን ያኮመጥጠዋል፤ ኮምጣጣው ውኃ የእሳተ ገሞራውን ድንጋይ አጥብቆ ያሟሟል። ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይበዛሉ። ካልሲየሙ ከካርቦኑ ጋር ተጣብቆ እንደ ኖራ ይዘቅጣል። ከድንጋዩ የወጣው ፍሎራይድ በካልሲየም ተይዞ መቅረት ሲገባው የሚይዘው ያጣና በውኃው ውስጥ ይቀራል። ብዙ ባይካርቦኔት፣ ጥቂት ካልሲየም፣ የስምጥ ሸለቆ ድንጋይ፤ ይህን ሦስት ነገር በአንድ ገጽ ላይ ያየ የውኃ ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀው ፍሎራይዱን ነው። ወረቀቱ ላይ ፍሎራይድ አልተለካም ነበር። ድርጅቱ የተላከው ለዕድሜ ነው፤ የተላከበትን ለክቶ ሄደ።

ያጎቴ የልጅ ልጆች ሦስት ናቸው። መካከለኛው ስምንት ዓመቱ ነው፤ አዲሶቹ የፊት ጥርሶቹ ላይ ቡናማ መስመር አለ። እርሱ ፎቶ ሲነሳ አፉን ይገጥማል። ዓይናፋር ነው እንል ነበር።

ለካሁት፤ በሊትር 4.3 ሚሊግራም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ 1.5 ነው። ከፍተኛ ፍሎራይድ ጥርስ በሚያድግበት ዕድሜ ጥርስን ያበላሻል፤ መጠኑ ከፍ ብሎ ለብዙ ዓመት ከተጠጣ ደግሞ አጥንት ውስጥ ይገባል። በወንጂ አካባቢ በአጥንት የታመሙ ሰዎች ታሪክ በሕክምና ጽሑፎች የተመዘገበ ነው። ብዙ እናቶች «አፍልቼ እሰጠዋለሁ» ይሉኛል። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አይነካም። እንዲያውም ውኃው ሲተን የቀረው ይወፍራል። የሚሠሩ መንገዶች አሉ፤ በተቃጠለ አጥንት ማጣራት፣ በአልሙኒየም ጨውና በኖራ ማዝቀጥ፣ ሁለቱም በስምጥ ሸለቆአችን የተሞከሩ ናቸው። ሁለቱም ግን ሠፈሩ ተደራጅቶ የሚከታተለው ሰው ይፈልጋሉ። ከሁሉ ቀላሉ የጣሪያ ዝናብ ነው። ከሰማይ የወረደ ውኃ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አልነካም።

ለአጎቴ ይህን መናገር ከ17 ሺው ዓመት ይልቅ ከበደኝ። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «የልጁ ጥርስ ይመለሳል?» አሉ። የበቀለው እንደማይመለስ፣ ገና ያልበቀለውን ግን፣ በተለይም የትንሿን፣ ማትረፍ እንደሚቻል ነገርኳቸው። በሳምንቱ ቆርቆሮው ላይ አሸንዳ ተሠራ፤ ሁለት ሮቶ ተገዛ። ለሽንኩርቱና ለማጠቢያ ጉድጓዱ፣ ለመጠጥና ለምግብ ሮቶው ተባለ። ሁለተኛ ፓምፕ ሊገዛበት የነበረው ገንዘብ ከፊሉ ወደ ሌሎቹ ቤቶች ጣሪያ ሄደ።

የአጎቴ ባለቤት እትዬ ግን ቅር ብሏቸዋል። የጣሪያው ውኃ ቡናውን ጣዕም አሳጣው ይላሉ፤ ውሸት አይደለም፤ የለመዱት ውኃ ጨዋማነት ነበረው። ደግሞም ባቄላና ሽምብራ በጉድጓዱ ውኃ ቶሎ እንደሚበስል ይነግሩኛል። ይህም እውነት ነው፤ ባይካርቦኔቱ ነው የሚያለሰልሰው፤ አንዳንድ ሰው ለዚሁ ብሎ ድስት ውስጥ ሶዳ ይጨምር የለ? ለንፍሮ ብቻ አንድ ጀሪካን ከጉድጓዱ ይፈቀድልኝ ብለዋል። ንፍሮውን የሚበሉት ግን ልጆቹ ናቸው፤ ፍሎራይዱም ከውኃው ጋር ወደ እህሉ ይገባል። በእንቁጣጣሽ ሄጄ ስንከራከር ዋልን። ከሰል እጨምርልዎታለሁ፣ ሽምብራውን ከዋዜማው ይዘፍዝፉት አልኳቸው። «ከሰሉን አምጪና እናያለን» አሉኝ። ንፍሮው ላይ እስካሁን አልተስማማንም።